ለአንገት ሕመም የሚለጠፈው ባለ ቀለም ፕላስተር፦ ምን ይረዳል? ምንስ አይረዳም?

ስፖርት በቴሌቪዥን የምትከታተሉ ከሆነ በሯጮች ጉልበት፣ በእግር ኳስ ተጫዋቾች ጭን፣ በመረብ ኳስ ተጫዋቾች ትከሻ ላይ የተለጠፈ ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም ጥቁር ፕላስተር ሳታዩ አትቀሩም። ቁስል ለመሸፈን ወይም የተሰበረ አጥንት ለመያዝ ሳይሆን ሕመም ያስታግሳል ተብሎ የተለጠፈ ነው። ይህ ፕላስተር ዛሬ ከስፖርት ሜዳ አልፎ ወደ ብዙዎቻችን ቤት ገብቷል። በአንዳንድ ፋርማሲዎች ይሸጣል፤ በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ይለጠፋል፤ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድም ከቫይታሚኑና ከደም ግፊት መለኪያው ጋር ጠቅልሎ ይልከዋል። በተለይ "አንገቴን ማዞር አቃተኝ" የሚል ሰው ሲገኝ "እሱን ለጥፍበት፣ ወዲያው ይተውሃል" የሚል መካሪ አይጠፋም።

እውነት ወዲያው ይተዋል? አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው፦ ለአንዳንድ ሰዎች ጥቂት ያስታግሳል፣ ያውም ለጥቂት ቀናት። ይህን ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። በአንገት ሕመም ሌሊቱን ሲገላበጥ ላደረ ሰው የጥቂት ቀን ፋታ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ፋታውን ምን እንደምታደርጉበት ካላወቃችሁ ገንዘባችሁ በፕላስተር ያልቃል፤ ከዚህም የከፋው ደግሞ ሐኪም ሊያየው የሚገባ በሽታ "ፕላስተር ለጥፌበታለሁ" እየተባለ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል።

ፕላስተሩ ከየት መጣ?

የፈጠሩት ኬንዞ ካሴ የሚባሉ ጃፓናዊ ናቸው። አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ በማከም የሠለጠኑ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ይህን ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ ስፖርተኞች የሚጠቀሙበት ፕላስተር ድርቅ ያለ ነበር፤ መገጣጠሚያውን ጠፍሮ ይይዛል እንጂ አያንቀሳቅስም። ካሴ የፈለጉት ግን እንደ ሰው ቆዳ የሚለጠጥና ቀንም ሌሊትም ተለጥፎ ቢቆይ የማያስቸግር ነገር ነበር። "ኪኒሲዮ ቴፕ" የሚለው ስያሜ የመጣው እንቅስቃሴ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች በየራሳቸው ስም ያመርቱታል።

ዓለም በሰፊው ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ነው። አሜሪካዊቷ የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ ተጫዋች ኬሪ ዋልሽ ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ትከሻዋ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፋ ተጫወተች፤ ከጓደኛዋ ጋርም የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። ያን ያየ ሁሉ "ይህ ነገር ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ ገበያውም ደራ። መቼም ወርቁን ያመጣው ፕላስተሩ ነው የሚል ሰው የለም፤ ነገር ግን ማስታወቂያ የሚሠራው እንዲህ ነው።

የፕላስተሩ አሠራር ቀላል ነው። በላስቲክ ክር ላይ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ በርዝመቱ ብቻ እንጂ በስፋቱ አይለጠጥም። ሲለጠጥም ከነበረበት ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይደርሳል። ከጀርባው ያለው ሙጫ እንደ ማዕበል መስመር እየተጠማዘዘ የተቀባ ነው፤ በእጅ ሲታሽና ሲሞቅ ይበልጥ ይጣበቃል። ውኃ ቢነካው ቶሎ አይላቀቅም። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ጥቅል ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ 5 ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ፕላስተሩ ውስጥ ምንም ዓይነት መድኃኒት የለም። በየፋርማሲው የሚሸጠውና ሲለጠፍ የሚያቃጥለው ወይም የሚያቀዘቅዘው የሕመም ፕላስተር ሌላ ነው፤ እርሱ በውስጡ መድኃኒት አለው። ሁለቱን አደባልቆ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ቀለሙን በተመለከተም "ሮዙ ያሞቃል፣ ሰማያዊው ያበርዳል" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በቀለሞቹ መካከል ከመልክ በቀር ልዩነት የለም። የወደዳችሁትን ምረጡ። ከቀለም ኃይል የሚጠብቅ ሰው ግን ፕላስተሩን ወደ ክታብ እያስጠጋው ነው።

አንገታችን ለምን ያማል?

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን ክብደት የሚሸከሙት 7 ትናንሽ የአከርካሪ አጥንቶችና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ጭንቅላት ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ክብደቱ በአጥንቶቹ ላይ ያርፋል። ወደ ፊት ሲደፋ ግን ሸክሙ ወደ ማጅራት ጡንቻዎች ይዞራል። አንድ ባልዲ ውኃ በደረታችሁ አቅፋችሁ ስትይዙትና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስትይዙት ያለውን ልዩነት አስቡ። ውኃው አልጨመረም፤ ክንዳችሁ ግን ይዝላል። ሞባይሉ ላይ ለሁለት ሰዓት ያቀረቀረ ሰው ማጅራቱን የሚያደርገው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ አንገቱን የሚያመው የቢሮ ሠራተኛ ብቻ አይደለም። ስፌት ላይ የምታቀረቅር እናት፣ ልጅ አዝላ የምትውል ሞግዚት፣ በጀሪካን ውኃ የምትሸከም ልጅ፣ ሙሉ ቀን መሪ ይዞ የሚውል የታክሲ ሾፌር፣ በዓረብ አገር ቤት ስታጸዳና ስትተኩስ የምትውል እህት፣ በአሜሪካ አረጋውያንን ከአልጋ ወደ ወንበር የምታነሣ ረዳት፣ ሁሉም ይህን ሕመም ያውቁታል። ለረጅም ሰዓት አንገትን ደፍቶ መጸለይና ማንበብም የራሱ ድርሻ አለው። ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት ሲጨመርበት ጡንቻው ይበልጥ ይኮማተራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 203 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የአንገት ሕመም እንደነበረባቸው የተሠራው ግምት ያሳያል።

በእኛ ዘንድ ለዚህ ሕመም ብዙ ስም አለ። አንዱ "ብርድ መታኝ" ይላል፤ ሌላው "ነርቭ ነው" ይላል፤ ሦስተኛው ትራሱን ይከስሳል። አብዛኛው ግን ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣ፣ ፎቶ ቢነሣ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የማይታይበት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም እየቀነሰ የሚሄድ ሕመም ነው። ፕላስተሩ ሊረዳ የሚችለው እንዲህ ዓይነቱን ሕመም ነው። የቀረውን አይደለም።

ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን መርምሩ

ይህን ክፍል ዘላችሁ ወደ አለጣጠፉ እንዳትሄዱ አደራ እንላለን።

ማጅራት ገትር የሚባለውን በሽታ ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን። ስሙን ግን ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ማጅራትን የሚገትር ማለት ነው። አባቶቻችን በሽታውን የሰየሙት በአንገቱ ምልክት ነው። አገራችን ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋውና በሽታው በወረርሽኝ በሚነሣበት የአፍሪካ ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። አንድ ሰው፣ በተለይም ልጅ ወይም ወጣት፣ ትኩሳትና ኃይለኛ ራስ ምታት ኖሮት አንገቱን ወደ ደረቱ ማጠፍ ካቃተው፣ ካስመለሰው፣ ብርሃን ካስጠላው ወይም ከተደናገረ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ማሸትም፣ መለጠፍም፣ እስኪነጋ መጠበቅም አይገባም።

ሁለተኛው ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አከርካሪንም ይይዛል፣ የአንገትን ጨምሮ። ይህ ሕመም ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል፤ ሌሊትም አያስተኛም። ከእርሱ ጋር ማታ ማታ የሚመጣ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ ላብና ክብደት መቀነስ ሊኖር ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ከዘገየ አጥንቱን አፈራርሶ ነርቭን ይጫንና ሽባ ያደርጋል። በአከርካሪ ቲቢ ታምሞ ወራቱን በማሸትና በመለጣጠፍ የሚያሳልፍ ሰው የሚያጣው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።

ከመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ መውደቅ በኋላ የመጣ የአንገት ሕመም መጀመሪያ ስብራት እንደሌለው በሐኪም መረጋገጥ አለበት። እጅ ከዛለ፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ፣ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ስትራመዱ እግር ከተወላገደ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካስቸገረ ነርቩ ተነክቷልና ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። ድንገት የመጣ፣ ከዚህ በፊት የማታውቁት ዓይነት ኃይለኛ የአንገት ሕመም ከማዞር፣ ከአንደበት መያያዝ ወይም ከፊት መጣመም ጋር ከሆነ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከደረት ተነሥቶ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋና ወደ ግራ እጅ የሚሄድ ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ካንሰር የነበረበት ሰው አዲስ የአንገት ሕመም ከጀመረውም ለሐኪሙ ይንገር።

ስለ ወጌሻም አንድ ቃል እንበል። የወለቀ ትከሻና የተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚት በማስተካከል የተመሰገኑ ወጌሾች እንዳሉ አይካድም። አንገትን ይዞ በድንገት ቀጭ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት የደም ሥሮች በአንገት አጥንቶች ውስጥና በጎናቸው ያልፋሉ። በድንገት ሲጠመዘዙ ውስጣቸው ሊሰነጠቅ፣ ከዚያም ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ሲሆን መመለሻ የለውም። በዚህ በኩል ፕላስተሩ የተሻለ ነው፤ ባይጠቅም እንኳ የከፋ ጉዳት አያደርስም።

ጥናቶች ምን አገኙ?

ፕላስተሩ እንዴት ይሠራል ተብሎ ሲጠየቅ ከአምራቾቹ የሚሰማው መልስ "ቆዳውን ጥቂት ያነሣል፤ በሥሩ ያለው ደምና ፈሳሽ እንደ ልብ ይዘዋወራል" የሚል ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ሲፈተን ግን አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚል የተካሄደ ጥናት የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 148 ሰዎች ለሁለት ከፈላቸው። ለግማሾቹ ፕላስተሩ ቆዳውን እንዲያጨማድድ ሆኖ ተለጠፈላቸው፤ ለግማሾቹ ያለ ምንም መለጠጥ እንዲሁ ተለጠፈላቸው። የሁለቱም ቡድን ሕመም ቀነሰ፣ ግን እኩል ቀነሰ። ስለዚህ መጨማደዱ ለብቻው የጨመረው ነገር አልነበረም።

ይበልጥ የሚያሳምነው ማብራሪያ የሚከተለው ነው። ሕፃን ልጅ ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ እናቱ የተመታውን ቦታ ታሽለታለች፤ ልቅሶውም ይበርዳል። የመነካት ስሜት በነርቭ በኩል ወደ አከርካሪ ገመድ ሲደርስ በዚያው መንገድ የሚመጣውን የሕመም መልእክት በመጠኑ ያደበዝዘዋል። ቆዳ ላይ የተለጠፈና በእንቅስቃሴ ቁጥር ጥቂት የሚሳብ ፕላስተርም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ያስታውሳል። ስታቀረቅሩ ማጅራታችሁን ሳብ ሲያደርጋችሁ ቀና ትላላችሁ። በዚህ ላይ "ተደርጎልኛል" የሚለው እምነት ራሱ ሕመምን እንደሚቀንስ መካድ አይቻልም።

አንገትን በተመለከተ በሰፊው የሚጠቀሱ ሁለት ጥናቶች አሉ። ሁለቱም የተካሄዱት በስፔን ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሲሆን፣ መኪና ሲገጭ አንገታቸው ወደ ኋላና ወደ ፊት ተወናጭፎ የተጎዱ 41 ሰዎችን የያዘ ነው። በትክክል የተለጠፈላቸው ሰዎች ሕመም እንዲሁ ለማስመሰል ከተለጠፈላቸው ይልቅ ወዲያውኑም በ24 ሰዓት ውስጥም ቀነሰ። ልዩነቱ ግን ከ0 እስከ 10 በሚቆጠር የሕመም መለኪያ ላይ 1 ነጥብ ያህል ብቻ ነበር። አጥኚዎቹ ራሳቸው ለውጡ ትንሽ እንደሆነና ለታማሚው ጎልቶ ላይታወቀው እንደሚችል ጽፈዋል። ሐቀኞች ናቸው፤ በፕላስተሩ ማሸጊያ ላይ ግን ይህን አታነቡም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። 80 ሰዎች ተሳተፉ፤ ግማሾቹ ፕላስተር ተለጠፈላቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የአንገት ማስተካከያ ተደረገላቸው። ከአንድ ሳምንት በኋላ የሁለቱም ሕመም በተመሳሳይ መጠን ቀንሶ ተገኘ። ይህን የሚያነብ ሰው "እንግዲያውስ ፕላስተሩ ይበቃል" ሊል ይችላል። ነገር ግን ምንም ያልተደረገለት ሦስተኛ ቡድን በጥናቱ ውስጥ አልነበረም። የአንገት ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ በጊዜው እየቀነሰ ስለሚሄድ ከቅናሹ ምን ያህሉ የፕላስተሩ፣ ምን ያህሉ የጊዜው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንወስደው፣ ፕላስተሩ ለአጭር ጊዜ ጥቂት ሊያስታግስ እንደሚችል ነው። አጥንት አያስተካክልም፤ የተጫነ ነርቭ አያላቅቅም፤ ደካማ ጡንቻ አያጠነክርም። ዋጋው እንደ አቅማችሁ ከሆነና ቆዳችሁ ከተቀበለው ሞክሩት። ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ቀንሳችሁ የምትገዙት ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ማጅራት ላይ ለ15 ደቂቃ ማድረግ ምንም አያስከፍልም።

አለጣጠፉ

የመጀመሪያውን ጊዜ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢለጥፍላችሁና ለቤተሰባችሁ ቢያሳይ ከሁሉ ይሻላል። ያ ካልተቻለ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ የገዛ ማጅራትን ማንም ሰው ደህና አድርጎ ሊለጥፍ አይችልም።

ከቀናት በፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቆርጣችሁ ክንዳችሁ ላይ ለጥፉና ለ24 ሰዓት ተዉት። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሙጫው አልተስማማችሁም፤ ፕላስተሩ ለእናንተ አይሆንም። በቁስል፣ በችፌ፣ በተቃጠለ ወይም በተቆጣ ቆዳ ላይ፣ የካንሰር እባጭ ባለበት ቦታም አይለጠፍም።

ማጅራቱን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ቅባት ካለ አይይዝም፤ ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች እናት ቅቤው ታጥቦ እስኪወጣ ትጠብቅ። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና ከአንድ ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ በመካከሉ ሰንጥቁት። ሁለት እግር ያለው ሱሪ ይመስላል። ማዕዘኖቹን በመቀስ ክብ አድርጓቸው፤ ሹል ጫፍ ከልብስ ጋር እየተያያዘ ይላቀቃል።

ታማሚው ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። አንገት ሲደፋ ከአንገት ሥር ጎላ ብሎ የሚወጣ አጥንት አለ። የሱሪውን ወገብ ከዚያ አጥንት በታች፣ ጀርባ ላይ፣ ምንም ሳትስቡ ለጥፉ። ከዚያም ታማሚው አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያድርግ፤ እስከማያመው ድረስ ብቻ። አንዱን እግር ከአከርካሪው በስተቀኝ፣ ሌላውን በስተግራ አድርጋችሁ ወደ ላይ እስከ ፀጉሩ መጀመሪያ አውጡት። የምትስቡት በጣም ጥቂት ነው፤ የመጨረሻው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ጨርሶ አይሳብም። በዚህ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሌላ ቁራጭ ሕመሙ ባለበት ቦታ አግድም መለጠፍ ይቻላል። መካከሉ ብቻ በመጠኑ ይሳባል፤ ጫፎቹ ሳይሳቡ ያርፋሉ፤ ከጆሮ በስተኋላም ወደ ፊት አይሻገሩም። የአንገት ፊትና ጎን ትላልቅ የደም ሥሮች ያሉበት ስለሆነ በዚያ በኩል ፕላስተር አይለጠፍም።

ሲያልቅ በመዳፋችሁ እያሻችሁ አሙቁት። ታማሚው ቀና ሲል ፕላስተሩ ጥቂት ይጨማደዳል፤ ይህ ያለ ነው። በዚህ አቆራረጥ አንዱ ጥቅል 15 ጊዜ ያህል ያገለግላል።

በብዛት የሚታየው ስሕተት አብዝቶ መሳብ ነው። ሰው "በደንብ እንዲይዝልኝ" ብሎ እስከ መጨረሻው ይለጥጠዋል፤ ጫፉ ቆዳውን ይስብና ውኃ ያስቋጥረዋል። አብዝቶ መሳብ ጥቅም አይጨምርም።

ከተለጠፈ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አትታጠቡ፤ ላብ የሚያመጣ ሥራም አትሥሩ። ከዚያ ወዲያ መታጠብ ይቻላል፤ በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ አድርቁት እንጂ አትፈትጉት፤ በፀጉር ማድረቂያም አታሙቁት። ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። በመካከሉ ካሳከከ ወይም ካቃጠለ ቀኑን አትቁጠሩ፣ አንሡት።

በፋታው ጊዜ ምን ይሠራ?

ሕመሙ ጥቂት ሲቀንስ ብዙ ሰው "ዐረፍኩ" ብሎ አንገቱን እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ ይይዛል። ይህ ትክክል አይደለም። ጡንቻ የሚድነው ሲንቀሳቀስ ነው። ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ዙሩ፤ ጆሯችሁን ወደ ትከሻችሁ አስጠጉ፤ ትከሻችሁን ወደ ላይ አንሥታችሁ ወደ ኋላ አዙሩና ጣሉት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በጣም ቀላሉ ነው፦ ፊታችሁን ሳታቀረቅሩ አገጫችሁን ወደ ኋላ ግፉ፤ ከፊታችሁ ከሚመጣ ሽታ የምትሸሹ ይመስል። 5 ሰከንድ ያዙና ልቀቁ፤ 10 ጊዜ ድገሙት፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ጥቂት መሳብ ይኖረዋል። ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ካመጣ አቁሙ።

ትራስ አንድ ይበቃል፤ ሁለትና ሦስት ደርቦ መተኛት አንገትን አጥፎ ያሳድራል። በሆድ መተኛትም አንገትን ጠምዝዞ ያሳድራል። ሞባይሉን ወደ ዓይናችሁ አምጡት እንጂ ዓይናችሁን ወደ ሞባይሉ አታውርዱ። ሾፌር የሆናችሁ ወንበራችሁን ወደ መሪው አቅርቡ። የአንገት ድጋፍ ወይም ኮላር ሐኪም ሳያዝ ለሳምንታት ማድረግ ጡንቻውን ያሰንፈዋል። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ከወሰዳችሁም ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ሐኪም ሳትጠይቁ አትውሰዱ።

ፕላስተሩ ሲነሣ ቆዳው አንድ ቀን ይረፍ፤ ካስፈለገ እንደገና ይለጠፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተለጥፎ ምንም ለውጥ ያላመጣ ፕላስተር በአራተኛውም አያመጣም። ሕመሙ ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ መመርመር ይገባል።

ከውጭ ለወላጆቻችሁ የምትልኩ

ብዙዎቻችሁ ይህን ፕላስተር ለእናት ለአባታችሁ እንደምትልኩ እናውቃለን። የአረጋውያን ቆዳ ስስ ነው፤ በተለይ ለአስም ወይም ለቁርጥማት ለዓመታት ስቴሮይድ የወሰዱ ከሆነ ፕላስተሩ ሲነሣ ቆዳውን ይዞ ሊነሣ ይችላል። የስኳር ሕመም ካለባቸው ያ ትንሽ ቁስል ቶሎ አይድንም። ስለዚህ ጥቅሉን ብቻ አትላኩ፤ ደውላችሁ አስረዱ። መጀመሪያ ክንድ ላይ እንዲሞክሩት ንገሯቸው። ሲያነሡትም በአንድ ጊዜ መጎተት እንደሌለባቸው፣ በምግብ ዘይት ወይም በሳሙና ውኃ አርሰው ጥቂት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ አንድ እጅ ቆዳውን ይዞ ሌላው ፕላስተሩን ፀጉር በሚበቅልበት አቅጣጫ ቀስ እያለ እንዲያሽቀነጥር አስረዷቸው። በዚያው ስልክ ላይም ጠይቁ፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ? ማታ ያልብዎታል? ከስተዋል? እጅዎ ይደነዝዛል? መልሱ "አዎ" ከሆነ ከፕላስተሩ በፊት የምትልኩት የምርመራውን ገንዘብ ይሁን።